የባልካኑ የኩላሊት በሽታ ክብር ለማን ይገባል?

ይህን የውይይት ክር የከፈቱት በፋርማኮሎጂ መምህርነት ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ ነባር አባል ናቸው። ምላሾቹ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉና አንዳንዶቹም ከአንድ ገጽ በላይ ስለሆኑ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አቅርቤያቸዋለሁ፤ በየመሐሉ የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌ ግን አልቀረም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ የሚነሣው ከዳኑብ ገባር ወንዞች ዳር ነው። በቡልጋሪያ፣ በሮማኒያ፣ በሰርቢያ፣ በቦስኒያና በክሮኤሺያ የገበሬ መንደሮች ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሐኪሞች አንድ ግራ የሚያጋባ በሽታ መመዝገብ ጀመሩ። የሕመምተኛው ኩላሊት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ጠባሳ እየያዘና እየኮሰመነ ይሄዳል፤ ደም ማነስ ይከተላል፤ ብዙዎቹ ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜያቸው ኩላሊታቸው ሥራውን ያቆማል፤ ከእነርሱም ውስጥ በርካቶቹ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው የሽንት መተላለፊያ ላይ ካንሰር ይወጣባቸዋል። አንዱ መንደር ሲታመም ጎረቤቱ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ቤት ሲጠቃ ማዶ ያለው ይተርፋል፤ ከሌላ አካባቢ ተድራ የመጣች ሙሽራ እንኳ በዚያ ቤት 15 ወይም 20 ዓመት ከኖረች በኋላ ልትታመም ትችላለች። መምህሩ እንደሚሉት ይህን ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየ እንቆቅልሽ የፈታው በኒውዮርኩ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የአርተር ግሮልማን ቡድን ነው። ቡድኑ በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በስንዴ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው አሪስቶሎኪያ የተባለው አረም ዘሩ ከእህል ጋር ታጭዶና ተፈጭቶ በዳቦ መልክ ይበላ እንደነበር፣ በዘሩ ውስጥ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድም በሕመምተኞቹ የኩላሊት ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ እንደተገኘ አሳየ። በካንሰሩ ውስጥ ደግሞ ፒ53 በተባለው ዘረመል ላይ አዴኒን የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ቲሚን በተባለው የመተካት፣ በሌሎች ካንሰሮች እምብዛም የማይታይ ለውጥ ተገኘ። ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ በመርዝ ጥናትና በኩላሊት ሕክምና መገናኛ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አለ ወይ? የአንድ ተመራማሪ የሕይወት ዘመን ሥራስ በምን ይለካል?

ምላሽ 1 የአንድ የሕክምና ተማሪ ነው። መምህሩን በአክብሮት ካመሰገነ በኋላ፣ ዳቦ ውስጥ ያለ መርዝ ለመገኘት ለምን ሃምሳ ዓመት እንደፈጀ ጠይቋል።

ምላሽ 2 ለተማሪው መልስ የሰጡት ራሳቸውን የኩላሊት ሐኪም ብለው ያስተዋወቁ አባል ናቸው። ተጠርጣሪው ብዙ ስለነበር ነው ይላሉ። በ1957 ዳኒሎቪችና ባልደረቦቹ ሾፒች በተባለው የሰርቢያ መንደር ያገኙትን የኩላሊት በሽታ የእርሳስ መመረዝ ነው ብለው ጻፉ፤ እርሳሱም የመጣው ከወፍጮ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ቫይረስ ተጠረጠረ፤ በዘር የሚወረስ ነው ተባለ፤ በሻገተ እህል ላይ የሚፈጠረው ኦክራቶክሲን የዴንማርክን አሳማዎች ኩላሊት ያበላሽ ስለነበር እርሱም ለረጅም ጊዜ ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ ቆየ፤ ከመሬት በታች ካለ የድንጋይ ከሰል ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚሰርጉ ንጥረ ነገሮችም ተጠኑ። እኔን የገረመኝ ዳኒሎቪች ነው። የጠረጠረው ብረት ትክክል አልነበረም፤ ጣቱን የቀሰረው ግን ዱቄቱ ላይ ነበር።

ምላሽ 3 የክሩን አቅጣጫ የቀየረው ነው። ጸሐፊዋ መምህሩን ሳያቃልሉ፣ ነገር ግን ያለ ማመንታት አርመዋቸዋል። የዩጎዝላቪያው ተመራማሪ ኢቪች በ1969 ይህንኑ አረም በታመሙት መንደሮች ማሳ ውስጥ አይቶ፣ ዘሩ ከስንዴው ጋር እንደሚፈጭ ተገንዝቦ፣ ለጥንቸሎች አብልቶ የኩላሊት ጉዳት ማየቱን ጽፏል። ከእርሱም በፊት በ1957 ማርቲንቺች ይህ ተክል የፈረሶችን ኩላሊት እንደሚጎዳ በአንድ የእንስሳት ሕክምና መጽሔት አሳትሞ ነበር። እንግዲህ ሐሳቡ ከ2007 በፊት 38 ዓመት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊዋ የጨመሩት ነገርም አለ፦ የሰው ሐኪሞች የእንስሳት ሐኪሞችን መጽሔት ያነቡ ቢሆን ኖሮ ፈረሱ ቀድሞ ይነግራቸው ነበር።

ምላሽ 4 አጭርና ቁጡ ነው። በትንሽ አገር፣ በትንሽ ቋንቋ የተጻፈ ሥራ ሀብታም ዩኒቨርሲቲ እስኪያገኘው ድረስ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሲያገኘው ደግሞ የራሱ ያደርገዋል የሚል ክስ ነው። ምላሽ 5 ይህን ደግፎ ነገሩን ወደ አገራችን አመጣው። አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የእንዶድ አረፋ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ካየ በኋላ፣ የመርዛማነት ምርመራው ዓለም አቀፍ መስፈርት በሚያሟላ ቤተ ሙከራ ካልተሠራ ተቀባይነት የለውም እየተባለ ዓመታት መንከራተቱን፣ እርሱና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት እስኪያገኙ ድረስ ሥራው በውጭ አገር ተገቢውን ትኩረት አለማግኘቱን አስታውሷል። ንጽጽሩ ከኩላሊት ይርቃል። ሆኖም የመርዝ ጥናት በር ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ምላሽ 6 ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የሚቆረቁረው ነው፤ በእኔ አስተያየት በማስረጃ ረገድም ጠንካራው ነው። ጸሐፊው ለምላሽ 4 በቀጥታ መልስ ሰጥተው፣ ንዴት ማስረጃን አይተካም ብለዋል። ጥንቸል ላይ የታየ ጉዳት መንደርተኛው በእርግጥ ያንን መርዝ መብላቱን አያረጋግጥም፤ በሰው ኩላሊት ውስጥ ፈልጎ ለማግኘት የሚያስችለው መሣሪያ ደግሞ በኢቪች ጊዜ አልነበረም። በዲኤንኤ ላይ የተጣበቀን የመርዝ ቅንጣት በሬዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ለይቶ የማውጣት ዘዴ በራንደራት ቤተ ሙከራ የታተመው በ1981 ነው። ግሮልማን ወደዚህ በሽታ የመጣው በዲኤንኤ ጉዳትና ጥገና ላይ ረጅም ዘመን ሠርቶ ስለነበር መሣሪያው በእጁ ነበር። ደግሞም ጥናቱ የስቶኒ ብሩክ ብቻ አይደለም፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል የክሮኤሺያ ሐኪሞች አሉበት፤ በሳይንስ ልማድ የመሪነት ቦታ በሆነው በመጨረሻው ረድፍ ላይ የሰፈረውም የዛግሬቡ ቦያን ዬላኮቪች ነው። ጸሐፊው የምላሽ 4 ባለቤት ራሳቸው ያላነበቡትን ጽሑፍ ከመክሰስ እንዲቆጠቡ መክረዋል። ከዚህ በኋላ አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ወገኖች ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ጠይቋል።

ምላሽ 7 ብራስልስ ከሚኖሩ የፋርማሲ ባለሙያ የመጣ ሲሆን፣ ባልካንን ሳያነሡ ስለ ቤልጅየም ብቻ በመጻፍ ጥያቄውን አስፍተውታል። በ1992 በኢራስም ሆስፒታል የኩላሊት ሐኪሙ ዣን-ሉዊ ቫንኸርቨገም ዘንድ ሁለት ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ጠባሳ ይዞ መጡ። ዕድሜያቸው ከ50 በታች ነው፤ ስኳር የላቸውም፤ ቀድሞ የታወቀ የኩላሊት ሕመምም የላቸውም። ሁለቱም በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ታክመዋል። ቫንኸርቨገም የሠራው ታላቅ ነገር መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም፦ በከተማዋ ያሉትን የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ማዕከላት ጠየቀ፤ ከዚያው ክሊኒክ የመጡ ሌሎች ሰባት ሴቶች ተገኙ። ክሊኒኩ ለ15 ዓመት ያህል ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ነው፤ የተቀየረው ነገር በግንቦት 1990 ወደ መድኃኒቱ ሁለት የቻይና ዕፆች መጨመራቸው ብቻ ነበር። ጥናቱ በ1993 በላንሴት ወጣ። በኋላ ሲመረመር ስቴፋንያ ተብሎ የመጣው ዱቄት የቻይንኛ ስሙ በሚቀራረበው በአሪስቶሎኪያ ተተክቶ መገኘቱ ታወቀ። በቤልጅየም ከ100 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል። ባለሙያዋ እንደሚሉት ሁለት ሕመምተኛ አይቶ ሌላ የት አለ ብሎ ስልክ ማንሣት ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣል፤ ቫንኸርቨገም በኋላ የብራስልስ ነጻ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆኗል፤ ለእርሳቸው ግን ትልቁ ማዕረጉ ያ ጥያቄ ነው።

ምላሽ 8 በዚህ ላይ የጎደለውን ሞላ። በ1994 ኮሲንስና ባልደረቦቹ የብራስልስ ሴቶችን የኩላሊት ናሙና ሲመለከቱ ከባልካኑ ጋር መመሳሰሉን አስተውለው፣ ይህ የባልካኑ መልስ ይሆን ብለው ጠየቁ፤ በ1996 ሽማይዘርና ባልደረቦቹ መርዙን በእነዚሁ ሴቶች የኩላሊት ዲኤንኤ ላይ አገኙት። በ2000 ደግሞ ዦኤል ኖርቲዬና ባልደረቦቿ ኩላሊታቸው ፈጽሞ ከቆመ ሕመምተኞች መካከል 39ኙ የማይሠራውን ኩላሊታቸውንና የሽንት መተላለፊያቸውን ለጥንቃቄ ለማስወጣት ፈቃደኛ እንደሆኑ፣ ሲመረመርም በ18ቱ ላይ ካንሰር እንደተገኘ ዘገቡ። ገና ምልክት ያላሳየ ካንሰር ነው። ጸሐፊው በትሕትና የጨመሩት፣ የ2007ቱ ሥራ በዚህ ሁሉ ላይ የቆመ መሆኑን መርሳት እንደማይገባ ነው።

ምላሽ 9 ትሕትናውን አልተከተለም። እንዴት በ1990 ማንም አላወቀም ይባላል? በ1964 አሪስቶሎኪክ አሲድ ለካንሰር መድኃኒትነት በሰው ላይ ሲሞከር ኩላሊት መጉዳቱ ታትሟል፤ በ1982 በአይጦች ላይ ካንሰር ማምጣቱ ታትሟል፤ ጀርመን በ1981 ይህን አሲድ የያዙ መድኃኒቶችን ከገበያ አውጥታለች። የመርዝ ተመራማሪው በአንድ ክፍል፣ የኩላሊት ሐኪሙ በሌላ ክፍል ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሳያነብ ሴቶቹ ተመረዙ ይላሉ ጸሐፊው፤ ስለ ክብር የሚደረገው ክርክርም የቅንጦት ነው ባይ ናቸው። ሻካራ ነው፤ ዓመታቱ ግን ትክክል ናቸው።

ምላሽ 10 እና 11 ከመንገዱ ወጣ አሉ። የመጀመሪያው መርዝ ከመለየት ይልቅ ሕይወት ማትረፍ ይቀድማል ብለው፣ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ሆላንድ ዲያሊሲስን የሠራውን ቪለም ኮልፍን፣ በ1960 በሲያትል ከደም ሥር ጋር ሁልጊዜ የሚቆይ ቱቦ ሠርቶ እጥበቱን ለዓመታት የሚደጋገም ሕክምና ያደረገውን ቤልዲንግ ስክሪብነርን አንሥተዋል፤ ሁለቱ በ2002 የላስከርን ሽልማት ተጋርተዋል። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ንቅለ ተከላ መጀመሩን በኩራት አስታውሰዋል። ሁለተኛው ወዲያውኑ መለሱላቸው፦ ያው ዲያሊሲስ ራሱ መርዝ ይዞ ነበር። በ1970ዎቹ የዴንቨሩ አለን አልፍሬ ለዓመታት የታጠቡ ሕመምተኞች አንደበታቸው ሲታሰርና አእምሯቸው ሲደክም አይቶ፣ በ1976 ከአንጎላቸው ውስጥ ከፍተኛ አሉሚኒየም ማግኘቱን አሳተመ። ምንጩ ማጠቢያው ውኃና ለፎስፌት መቀነሻ የሚሰጠው መድኃኒት ነበር። ዛሬ የማጠቢያው ውኃ ተጣርቶ የሚመጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መውጣቱ ክሩን አልጎዳውም እላለሁ።

ምላሽ 12 ረጅሙና የበሰለው ነው። ጸሐፊዋ እስካሁን የተከራከርነው ስለ ሁለት ሰዎች፣ መጀመሪያ ስላየውና በመጨረሻ ስላረጋገጠው ነው፤ ሦስተኛው ተረስቷል፤ እርሱም መርዙን ከሰው አፍ ያስጣለው ነው ብለዋል። ምሳሌያቸው ፕሪሲላ ኪንኬድ-ስሚዝ ናት። በ1926 ጆሃንስበርግ ተወልዳ በዊትዋተርስራንድ የተማረችው ይህች ሐኪም፣ ሜልቦርን ስትደርስ ያገባች ሴት በመሆኗ ሥራ ለማግኘት ተቸግራ ነበር። በአውስትራሊያ በዚያ ዘመን አስፕሪን፣ ፌናሴቲንና ካፌይን የተቀላቀለበት የራስ ምታት ዱቄት በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ በተለይ ሴቶች በየቀኑ ይወስዱት ነበር። ፌናሴቲን በብዛት ሲወሰድ ኩላሊት እንደሚጎዳ ስፑለርና ዞሊንገር በስዊዘርላንድ በ1953 ጽፈዋል፤ ኪንኬድ-ስሚዝ ግን ጉዳቱ ከኩላሊቱ ጫፎች መሞት እንደሚጀምር ካሳየች በኋላ ወረቀቱን አስቀምጣ አልሄደችም። ዱቄቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ለዓመታት ተከራከረች፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሽያጩ ተገደበ፤ ከዚያም በዚህ ምክንያት ወደ ዲያሊሲስ የሚገቡት ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። የዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት መሆኗን ጸሐፊዋ በአንድ ሐረግ አልፈውታል። ያልፉታልም፤ ለእርሳቸው ዋናው ሚዛን ባዶ የቀረው የዲያሊሲስ አልጋ ነው።

ምላሽ 13 በዚያው ሚዛን ጋምቢያን አመጣ። በ2022 ክረምት ሕፃናት ሽንታቸው እየቆመ ሲሞቱ፣ የኩላሊት ሐኪሙ አቡባካር ጃኜ የሽሮፕ መድኃኒት ጠርጥሮ ለመንግሥት አሳወቀ፤ በጥቅምት ወር የዓለም ጤና ድርጅት በሽሮፖቹ ውስጥ ዳይኤትሊን ግላይኮል መገኘቱን አስጠነቀቀ። ያ መርዝ በ1937 በአሜሪካ ከ100 በላይ ሰዎችን የገደለው ያው ነው። በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት አልቀዋል። ያየው ሰውና ያስቆመው ሰው አንድ በሆነበት ጊዜ ጉዳዩ በወራት ያልቃል የሚለው የጸሐፊው አስተያየት ትክክል ነው፤ ለእነዚያ ቤተሰቦች ግን ወራቱም ረጅም ነበሩ።

ምላሽ 14 ከመቀሌ የጻፉ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ናቸው። የባልካኑ ታሪክ ለኛ እንግዳ አይደለም ይላሉ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሆድ የሚነፋና የሚገድል የጉበት በሽታ በቤተሰብ ተከማችቶ ታየ፤ ውኃው ተጠረጠረ፤ ብዙ ከተለፋ በኋላ ጥናቱ ወደ ጎተራው እህል አመራ፤ አጄራተም የተባለው አረም ዘር ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባለውን መርዝ እንደሚያመጣ ተጠቆመ። አካሉ ጉበት ይሁን እንጂ መንገዱ ያው የማሳ አረም ነው። ባለሙያው ያዘኑበት ነገር፣ እንክርዳድ የገባበት እንጀራ እንደሚያዞር አያቶቻችን ያውቁ የነበረ ሲሆን ሐኪሙ ግን ስለ ጎተራ የሚጠይቀው በመጨረሻ መሆኑ ነው።

ምላሽ 15 አንድ የማይመች ጥያቄ አነሣ። በባልካን መርዙን ያስቆመው ማን ነው? ገበሬዎቹ ትራክተርና የአረም ማጥፊያ ሲጠቀሙ፣ እህሉም በዘመናዊ መንገድ ሲበጠርና ሲፈጭ አረሙ ከ2007 በፊት ከዱቄቱ እየጠፋ ሄዷል፤ በክሮኤሺያ አዛውንቶች ሲጠየቁ አረሙ በማሳቸው በብዛት የነበረው ከ20 እና 30 ዓመት በፊት እንደሆነ ተናግረዋል። እንግዲያ ኢቪችም ግሮልማንም ያስቆሙት ነገር የለም፤ ያስቆመው ክብር የማይጠይቅ ማረሻ ነው። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከምላሾቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ነው።

ምላሽ 16 መምህሩ ራሳቸው የሰጡት ነው። የኢቪችን ቀዳሚነት ተቀብለው፣ ለምላሽ 15 ግን አልተረቱም። በመንደሮቹ አረሙ ቢጠፋም የበሉት ሰዎች አሉ፤ መርዙ ከታወቀ ካንሰሩን አስቀድሞ መፈለግ ይቻላል፤ ኦክራቶክሲን ነው ተብሎ ቢቀር ኖሮ ጥንቃቄው ሁሉ ወደ ሻጋታ ይሄድ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የግሮልማን ቡድንና የታይዋን ባልደረቦቹ በ2012 በ151 የታይዋን ሕመምተኞች ላይ ያንኑ የዲኤንኤ ምልክት ፈልገው በብዙዎቹ አግኝተዋል። በዚያች አገር ከ1997 እስከ 2003 ድረስ ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አሪስቶሎኪያ ሊኖርበት የሚችል ዕፅ ታዝዞለት እንደነበር የመድን መዛግብት ያሳያሉ፤ ዕፆቹ የታገዱት በ2003 ነው። ያ ምልክት ባልካን ላይ ባይነበብ ኖሮ ታይፔ ላይ ማን ያውቀው ነበር? በእኔ አስተያየት ይህ ለምላሽ 15 በቂ መልስ ነው፤ ለምላሽ 9 ግን መልስ አይሆንም።

ምላሽ 17 በዋሽንግተን አቅራቢያ በዲያሊሲስ ማዕከል የምትሠራ ነርስ ነች። ክርክሩን ሳትነካ፣ አዲስ ሕመምተኞች የባህል መድኃኒት ትወስዳላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሁሉም አልወስድም እንደሚሉ፣ ለክብደት፣ ለወገብ ወይም ለሆድ የሚጠጡት ነገር ካለ ሲጠየቁ ግን ከአገር ቤት በፖስታ የመጣውን ሁሉ እንደሚዘረዝሩ ነግራናለች። ምላሽ 18 ያው የመጀመሪያው ተማሪ ነው፤ ጥያቄዎቹን በዚያ መልክ በአማርኛ ጽፋ እንድታጋራው ለምኗታል። መምህሩም ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር እንድትጨምር ጠይቀዋታል፦ እህሉ የሚመጣው ከየት ነው፣ የሚበጠረውስ በማን ነው?